አውሮፕላኑን የሚያመጣው መንገደኛው ነው

እኛ አቃቂ ቃሊቲ ሆነን ስለ በረራ ስናወራ የምንጠራው ቦሌን ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት ግን አቃቂም የአውሮፕላን ማረፊያ ነበራት፤ ኋላ በልደታ፣ ቀጥሎም በቦሌ ተተካች። ማረፊያ ስላለ ብቻ በረራ አይዘልቅም።

ይህን የማነሳው ለወሎ ብዬ ነው። ኮምቦልቻ ማረፊያ አላት፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ ደሴም ቅርቧ ናት። አብዛኛው መንገደኛ ግን ዛሬም ከአዲስ አበባ በጣርማ በር በኩል ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ይጓዛል።

አየር መንገድ መስመር የሚጨምረው ለከተማ ክብር ብሎ አይደለም። ወንበሩ ሲሄድም ሲመለስም መሙላት አለበት፤ የነዳጅና የጥገና ወጪ ለባዶ ወንበር ብሎ አይቀንስም። በረራው ሲሳሳ ደግሞ ነጋዴው የሚመቸውን ቀን ያጣና ወደ አውቶቡስ ይመለሳል፤ ወንበሩም ይብስ ባዶ ይሆናል።

ይህን አዙሪት አቤቱታ ብቻውን አይሰብረውም። ፋብሪካዎቹ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ነጋዴውና በውጭ ያለው ወገናችን ተሰባስበው «በየሳምንቱ ይህን ያህል ወንበር እንይዛለን» ብለው ቃላቸውን በጽሑፍ ይስጡ። አየር መንገድ የሚያምነው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ነው። የወሎ ልጆች፣ እንጀምረው!