የሌሊት እንግዶቼ 11 ናቸው

ዛሬ የማወጋችሁ የፍቅር ጉዳይ አይደለም፤ የቁጥር ጉዳይ ነው። «ቁጥርማ ትምህርት ቤት ይበቃናል!» ብላችሁ እንዳታልፉኝ። ይሄ እኔ የምላችሁ ቁጥር ጎረቤት የሚያስቀና፣ እንቅልፍ የሚነሳ፣ አልፎ ተርፎም ሰው ያላግባብ ብር የሚያስወጣ ነው። ድረ ገጽ ከፍታችሁ የምትጽፉ፣ ጠዋት ፊታችሁን ሳትታጠቡ «ትናንት ስንት ሰው አየኝ?» የምትሉ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

እኔ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ቀን ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ እሠራለሁ፤ ማታ በትንሿ ድረ ገጼ ላይ እጽፋለሁ። ስለ ቤት ኪራይ ውል፣ ስለ ዕቁብ፣ ስለ ጾም ምግብ፣ ዓረብ አገር ሠርቶ ስለ መመለስ... እንዲህ እንዲህ ያለውን ነው። በቀን ቢበዛ 200 ሰው ቢመጣ ነው። ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ የሚኖር ጎረምሳ ደግሞ የአርቲስቶችን መጋባትና መፋታት የሚያወራ ገጽ አለው። ደረጃ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «አንቺ፣ እስከ መቼ ነው በ200 ሰው የምትደክሚው? እኔ ትናንት ብቻ 6 ሺህ!» ይለኛል። እኔም እስቃለሁ፤ ምን ልበለው?

ያ 6 ሺህ ታዲያ አንድ ቀን ጣጣ ይዞ መጣ። ልጁ ቁጥሩን ለአንድ የቤት ዕቃ ነጋዴ አሳይቶ የአንድ ወር ማስታወቂያ ሸጦለት ኖሯል። ወሩ አለቀ። ለነጋዴው የተደወለለት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንደኛው በስህተት! ሰውየው ግቢያችን ድረስ መጥቶ «6 ሺህ ሰው አይቶት አንድ ሶፋ የሚጠይቅ ይጠፋል?» እያለ ሲጮህ ጎረቤቱ ሁሉ በረንዳ ላይ ወጣ። ማታ ልጁ ላፕቶፑን ታቅፎ በሬን አንኳኳ። «እስቲ አብረሽኝ እዪው፤ እኔ አልዋሸሁም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልዋሸም።

ሁለታችንም የምንጠቀመው ጎግል አናሊቲክስ የሚባለውን መቁጠሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነፃ የሚሰጥ ሲሆን የድሮው ዓይነት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ሥራውን አቁሞ በአዲሱ ተተክቷል። ከፈትነው። ልጁ «6 ሺህ ሰው» የሚለው ለካ ሰው አይደለም፤ የገጽ እይታ ነው። አንዷን የፍቺ ወሬ በ8 ገጽ ከፋፍሎ «ቀጣዩን ይጫኑ» እያለ ነው የሚያስነብበው። አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ካነበበ 8 ተቆጠረ ማለት ነው። ሰዎቹን ብቻ ስናይ 1,100 ሆኑ።

ከ1,100ው ደግሞ 640ዎቹ አሽበርን ከምትባል የአሜሪካ ከተማ የመጡ ናቸው። ልጁ ደስ አለው። «ቨርጂኒያ አይደል? ዋሽንግተን አጠገብ! እዚያ ያለው ሐበሻ ስንት ነው!» አለ። በዚያ አካባቢ የእኛ ሰው መብዛቱ እርግጥ ነው። አሽበርን ግን በዓለም የታወቀች የዳታ ማዕከሎች መንደር ናት፤ ከእሷ ከሚመጣው ብዙው ሰው ሳይሆን ገጽ ለገጽ እየዞረ የሚለቅም ሮቦት ነው። ጎግል የሚያውቃቸውን ሮቦቶች ያጣራል፤ ሁሉንም ግን አይዝም። «ስንት ጊዜ ቆዩ?» የሚለውን ስንጫን ዜሮ ሰከንድ፣ ዜሮ ሰከንድ፣ ዜሮ ሰከንድ። ወሬ የሚወድ ሐበሻ ዜሮ ሰከንድ ቆይቶ ይሄዳል? በፍጹም።

የቀሩት 460 ናቸው። ከእነሱ ከ10 ሰከንድ በላይ የቆዩት 170 ብቻ። (አዲሱ አናሊቲክስ አንድን ጉብኝት «ቁም ነገር ነበረው» ብሎ ከሚይዝባቸው መለኪያዎች አንዱ 10 ሰከንድ ማለፉ ነው። እኛ ጋ በ10 ሰከንድ ሰላምታ እንኳ ያልቃል? «ደህና ነሽ? ቤተሰብ ደህና?» እስኪባል...) ልጁ ዝም አለ። ከዚያ «እንግዲያው ላንቺ ቁጥር ቅርብ ነኝ በይኛ» አለና ሳቀ። ለነጋዴው ግማሹን ብር መለሰለት፤ ይህን በማድረጉ ከልቤ አከበርኩት።

እናንተዬ፣ የግንቦት 1ን የልደታ ማርያምን ግቢ አይታችሁታል? እግር መጣያ የለውም። ለካህናቱ ያ ሁሉ ሕዝብ ደስታ ነው። ግን ደብሩ በዓመቱ ውስጥ የሚኖረው በማን ነው ብትሉ በተራ ማክሰኞ ማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ በምትመጣዋ እናት ነው። ቁጥሩ ላይም የማክሰኞዋን ሴት ፈልጉ ነው የምለው። አናሊቲክሱ «አዲስ» እና «ተመላሽ» ብሎ ይለያቸዋል። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ተመላሾቹን ነው። ይሄም ቢሆን እንከን አለው፤ መቁጠሪያው የሚያውቀው ስልኩን እንጂ ሰውየውን አይደለም። በስልኳም በቢሮ ኮምፒውተርም የምታነበኝ ሴት ሁለት ሆና ትቆጠራለች፤ በአንድ ስልክ የሚያነቡኝ ሦስት እህትማማቾች ግን አንድ ናቸው።

የእኛ አገር ቁጥር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ታግደው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያኔ ከተሜው ሁሉ ቪፒኤን ጫነ። ቪፒኤን ደግሞ የስልኩን ጉዞ በሙሉ በሌላ አገር በኩል ነው የሚያዞረው፤ ስለዚህ የአዲስ አበባ አንባቢ በድንገት ከኔዘርላንድ፣ ከጃፓን፣ ከአሜሪካ የመጣ መሰለ። እውነተኛው ሰውዬ እዚሁ አብነት ቁጭ ብሎ ማኪያቶ እየጠጣ ነው! በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲጠፋ ደግሞ የቀረው አንባቢ የውጭው ብቻ ነበር። በእነዚያ ወራት ቁጥር አይቶ «የአገር ቤት ሰው ጠላኝ» የሚል ጸሐፊ ራሱን በከንቱ ያሳዝናል።

ልደታ ካልኩ አይቀር፣ እዚሁ ሰፈራችን ባለው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን የተመላለሱት። የእነሱ ጦማር አገር ውስጥ ታግዶ ነበር። የታገደ ጽሑፍ በመቁጠሪያው ላይ ከኢትዮጵያ አንባቢ የሌለው ሊመስል ይችላል፤ አንባቢው ግን በጓሮ በር እየዞረ ያነባል። ሰኔ 2010 ዓ.ም. 264 ድረ ገጾችና ጦማሮች እስኪከፈቱ ድረስ ስንቱ ሰው በዚያ መልክ እንዳነበበ ያውቁታል። ዜሮ ስታዩም አትቸኩሉ።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። «ደመወዜን ለማን ልላክ?» የሚል ጽሑፍ ነበረኝ። ዓረብ አገር ያለች ልጅ ሙሉ ደሞዟን ለቤተሰብ ልካ፣ ስትመለስ እጇ ላይ ምንም ሳይኖር እንዳትቀር፣ ከውጭ ሆና በራሷ ስም ሒሳብ ስለ መክፈትና ለቤተሰብ የሚላከውን ከራሷ ስለ መለየት የጻፍኩት ነው። በወር 60 ሰው አየው። ጎረቤቴ «ይሄንን ተይውና እንደኔ ፍቺ ጻፊ» ይለኝ ነበር፤ ድረ ገጹ እኮ በየዓመቱ ኪራይ ይከፈልበታል፣ ከደሞዜ።

ከመተዌ በፊት ግን 60ዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። 11ዱ ደጋግመው የሚመጡ ናቸው፤ ከቤይሩት፣ ከጅዳ፣ ከኩዌት። ሌላው ሰው ደቂቃ ሳይሞላው ሲሄድ እነሱ 7 ደቂቃ ይቆያሉ። የሚገቡበት ሰዓት ግን ግራ አጋባኝ፤ አናሊቲክሱ ከቀኑ 8 እና 9 ሰዓት ነው የሚለው። የቤት ሠራተኛ በዚያ ሰዓት መች ስልክ ትነካለች? ቅንብሩን ስከፍት ሰዓቱ የካሊፎርኒያ ነው! ካልቀየራችሁት ሲመጣ እንደዚያ ሆኖ ነው የሚመጣው። (የእናንተንም አሁኑኑ እዩት።) ወደ አዲስ አበባ ቀየርኩት፣ ወደ እኛ አቆጣጠርም መለስኩት፤ ከሌሊቱ 6 እስከ 8 ሰዓት ሆነ። አሠሪ ሲተኛ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ማለት ነው።

ሰርች ኮንሶል የሚባል ሌላ መሣሪያ አለ፤ ሰዎች ጎግል ላይ ምን ጽፈው ወደ እናንተ እንደመጡ ያሳያል። እዚያ ላይ «ደሞዝ» ብላ የጻፈች አለች፣ «ደመወዝ» ያለች አለች፣ በፈረንጅ ፊደል የጻፈችም አለች። የእኛ ሆሄ ነገር ታውቃላችሁ፤ «ጾም» እና «ፆም» እንኳ ለመሣሪያው ሁለት ቃል ሊሆኑ ይችላሉ። እኔም በርእሱ «ደመወዝ»፣ በውስጡ «ደሞዝ» እያልኩ ሁለቱንም መጠቀም ጀመርኩ። የአማርኛ መምህሬ ቢያዩኝ ይቆጡኛል፤ ይቆጡ። ፎቶዎቹን አውጥቼ ገጹን ቀላል አደረግኩት፤ ዋናውን መልስ ከላይ አስቀመጥኩት፤ ምክንያቱም አሠሪዋ ብትነቃ ልጅቷ ስልኩን መደበቅ አለባት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ መልእክት ደረሰኝ። «እህቴ፣ 3 ዓመት ለወንድሜ ስልክ ነበር። ቤት እየሠራልኝ ነው የሚለኝ። ፎቶ ላክ ስለው ይቆጣል። ምን ላድርግ?» ይላል። እጄ ተንቀጠቀጠ። «ወንድምሽ ሌባ ነው» አልላትም፤ ቤቱን አላየሁትም። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ግማሹን በራስሽ ስም አስቀምጪ፣ ለወንድምሽም ዕዳ አለብኝ በዪው፣ ቤቱን ደግሞ ሌላ ዘመድ ሄዶ ይይልሽ አልኳት። መልሷ ሳምንት ቆየ። «አክስቴ ሄዳ አየች። መሬቱም የለም» የሚል ነበር። ሒሳቡን ግን ከፍታለች፤ የሁለት ወር ደሞዟ እዚያ ውስጥ ነው።

ይህን ታሪክ፣ ልጅቷን ፈቃዷን ጠይቄ፣ አገሯንና ከተማዋን አውጥቼ ጻፍኩት። ከቴሌግራም ማስፈንጠሪያ ተጭኖ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ «ዳይሬክት» በሚለው ሥር ስለሚቆጠር ከየት እንደመጣ አይታወቅም። የእኔም «ዳይሬክት» በዚያ ሳምንት በእጥፍ ጨመረ። ልጆቹ እርስ በእርስ እየተላላኩት ይመስለኛል።

ጎረቤቴ አሁንም ፍቺ ይጽፋል፤ በ8 ገጽ መከፋፈሉን ግን ትቷል። «ስንት ደረስሽ?» ሲለኝ በቀን 230 እለዋለሁ። የሌሊቶቹ ተመላሾች 26 ሆነዋል። ከእነሱ 3ቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በኋላ ነው የሚገቡት፤ ለማታ ሳይሆን ለመነሻ ሰዓት የቀረበ ነው። የሚያነቡትም «የጉልበት ሕመም» የሚለውን አሮጌ ጽሑፌን ነው። በዚህ ሳምንት እሱን አስፍቼ ልጽፍ አንዲት ነርስ ጓደኛዬን ቅዳሜ ቀጥሬያታለሁ።