ሠላሳ ሁለት ኢንች

ቴሌቪዥን የሚለካው በሰያፍ ነው፤ ከላይኛው የግራ ጥግ እስከ ታችኛው የቀኝ ጥግ። ይህን ያወቅሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ አንድ የአሮጌ ቲቪ ነጋዴ ፊት ቆሜ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ «ሠላሳ ሁለት» ሲባል ወርዱ ይመስለኝ ነበር። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝና አትፍረዱብኝ፤ እኛ ዘንድ የሚለካ ነገር ቢኖር ስንኝ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ እኔ የተወለድኩ ዓመት፣ በ1996 ዓ.ም.፣ የገዛው ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ባለፈው ክረምት አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጭስ ጭስ ሸተተና ጸጥ አለ። ያ ሆዱ ወደ ኋላ የተነፋው፣ ለማንሳት ሁለት ሰው የሚፈልገው ማለቴ ነው። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ወንድሜ፣ የዚህ መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ለቆራሌው ስጠው» አለኝ። አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። እናቴ ግን ማታ ማታ የእንጀራ ሥራዋን ጨርሳ ስትገባ፣ እንደ ልማዷ ከቡፌው ፊት ለፊት ትቀመጥ ነበር። የጠፋ ቲቪ ፊት! ይህን እያዩ ዝም ማለት አይቻልም። ሁለት ልጆች እያስጠናሁ ካጠራቀምኩት 10,000 ብር ይዤ ወጣሁ።

አዲስ የመግዛት ሐሳብ አልነበረኝም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አሮጌ።

ነጋዴው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ዋጋ ሳይነግሩኝ በፊት ጥያቄ ጀመሩ።

«ከየት ሆናችሁ ነው የምታዩት? ርቀቱ ስንት ነው?»

«ሁለት ሜትር ቢሆን ነው፣ ጋሼ።»

«ማን ነው የሚያየው?»

«እናቴ።»

«ዓይናቸው ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኳቸው። ሳላስብ ነው ያልኩት።

ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝን የትኛውም ክፍል ውስጥ አልተማርኩትም። ከቲቪው የሚቀመጡበት ርቀት የሰያፉን አንድ ተኩል እጥፍ እስከ ሁለት እጥፍ ተኩል ቢሆን ለዓይን ይስማማል። 32 ኢንች 81 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ከ1 ሜትር ከ20 እስከ 2 ሜትር መሆኑ ነው። እኔ ርካሹን ባለ 24 ኢንች እያየሁ ነበር፤ ከአባቴ 21 መብለጡ አይቀርም ብዬ። ጋሼ ሳቁብኝ። የዱሮው ስክሪን ወደ አራት ማዕዘን እኩልነት የቀረበ ነበር፤ የአሁኑ በጎን የተዘረጋ ነው። ሜትር አውጥተው ለኩልኝ፤ የ24ቱ ቁመት 30 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። የ21ዱ ስክሪን ግን ከ30 በላይ ነበረ። እንግዲህ ቁጥሩ አድጎ የሰው ፊት ያንሳል ማለት ነው! የ32ቱ ቁመት ወደ 40 ይጠጋል። በ32 ቆረጥኩ።

አመራረጡንም ልንገራችሁ፤ አንድ ቀን ይጠቅማችኋል። አሮጌ ቲቪ በርቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ገንዘብ አይከፈልም፤ ሲሞቅ የሚወጣ በሽታ አለና። በፍላሽ ነጭ ሥዕል ይዛችሁ ሂዱ፤ ጥላና መስመር ካለው ነጩ ላይ ይጋለጣል። ከኋላ ያሉትን ብሎኖች እዩ፤ ጥርሳቸው ከተበላ ከእናንተ በፊት ጠጋኝ ጎብኝቶታል። ውስጡ ያለው መብራት ቢቃጠል ይቀየራል፤ ፓኔሉ ከተሰነጠቀ ግን ጥገናው ሌላ ቲቪ ከመግዛት እምብዛም አይለይም። ይህን ሁሉ ፈትሼ፣ በ8,500 ብር ተስማምቼ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በታክሲ ይዤው ገባሁ።

የቡፌውን ክፍት ቦታ አስቀድሜ ለክቼው ነበር፤ 72 ሴንቲ ሜትር። የ32 ስክሪን ወርዱ 71 ገደማ ነው። ይገባል ማለት ነው። ታዲያ ታናሽ ወንድሜና እኔ አንስተን ብንገፋው አልገባም። ዙሪያውን ያለውን ፍሬም ረስቼው ኖሯል! በሴንቲ ሜትር ተኩል ተሸነፍኩ።

ቡፌውን አባቴ ነው ያሠራው፤ ለዚያ ለ21ዱ ልክ። መስታወቱ ውስጥ የሠርጋቸው ፎቶ፣ ማንም የማይጠጣባቸው ስኒዎች፣ የአባቴ መነጽር አሉ። ወንድሜ ከጎረቤት መጋዝ ይዞ ከተፍ አለ። «ከጎኑ ትንሽ ብቻ ነው የምገዘግዘው» ይላል። እናቴ ከጓዳ ወጣች። መጋዙን ስታይ ድምጿ ተለወጠ።

«የአባትህን ቡፌ እንዳትነካብኝ!»

«እማዬ፣ ታዲያ የት እናድርገው? በደንብ እንድታዪ ብለን እኮ ነው።»

«እኔ መች አያለሁ? የምሰማው ነው እንጂ። ድምፁ ይበቃኛል፤ የትም አድርጉት።»

መጋዙ ወንድሜ እጅ ላይ ቀረ። ቀስ ብለን ጠየቅናት። ከአባቴ ሞት ጀምሮ ነገር ሁሉ በጭጋግ ውስጥ ነው የሚታያት። ዜና አንባቢዎቹን የምትለያቸው በድምፃቸው ነው። እንጀራውንም ዓይኑ መውጣቱን በእጅዋና በሽታው ነው የምታውቀው። «ለምን አልነገርሽንም?» ስላት «አንተ ፈተና ላይ ነበርክ» አለችኝ። የትኛው ፈተና? ሦስት ዓመት ሙሉ ፈተና ላይ ነበርኩ።

በሳምንቱ ሐኪም ቤት ወሰድናት። የዓይን ሞራ ነው ተባለ። በአገራችን ከሁሉ ይበልጥ ሰው የሚያሳውረው እሱ ነው፤ ግን ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተኩበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ እንኳ አያስፈልግም። ቀጠሮ ተሰጣት፤ ለጥር።

እኔ የሁለት ሜትሩን ርቀት ለክቻለሁ፤ የግድግዳውን፣ የቡፌውን፣ የስክሪኑን ወርድና ቁመት ለክቻለሁ። በየቀኑ ፊት ለፊቴ የምትቀመጠውን ሴት ግን ቀና ብዬ አላየኋትም። አንድ ምናለሽ ተራ ያሉ የማያውቋት ሰው ስለ ዓይኗ ጠየቁ፤ ልጇ ሳያስብ መለሰ። ትምህርት ቤት ስለ እናት የጻፍኩትን ብታዩ ደግሞ እንባችሁ ይመጣ ነበር።

ለመድኃኒትና ለመመላለሻ እንዲሆን ቲቪውን ልመልሰው እንደሆነ ስነግራት ሳቀች። «ተወው ልጄ። ዓይኔ ሲበራ ምኑን ላይበት ነው?»

ስለዚህ አልመለስኩትም፤ የሚያስፈልገውን አስጠንቼ እሞላዋለሁ። ቲቪው ከቡፌው ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ቡፌውም እንዳለ ነው፤ ክፍት ቦታው ባዶ። ማታ ማታ እናቴ ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ ትቀመጣለች፤ እኔም አጠገቧ ሆኜ ምን እንደሚታይ እነግራታለሁ።