የቀጥቃጩ ብረትና የሰማይ ብረት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ የተጓዘ ሰው፥ የቀድሞ ስሟ ዋቻሞ ከነበረው ከሆሳዕና ከተማ ይደርሳል። አገሩ እንሰት የከበበው፥ ለዓይን የለመለመ ነው። ወደ ከምባታው ዱራሜ ሲዘልቁ ደግሞ የሐምበሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ቀና ብሎ ይታያል።

እኔን ግን ከተራራው ይልቅ የሳበኝ የቀጥቃጩ ወናፍ ነው። በከምባታ ቱማኖ የሚባሉት ብረት ሠሪዎች ያረጀ የመኪና ባሌስትራ በፍም አግለው ቢላዋና ዶማ ያወጡለታል። የእጃቸው ሥራ ያልገባበት ቤት የለም፤ ሆኖም በቀድሞው ልማድ ከገበሬው ጋራ እንዳይጋቡ ተከልክለው፥ በማዕድም ተለይተው ኖረዋል። ነውሩ የማን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

በጥንት ግብፅ ብረት «የሰማይ ብረት» ተብሎ ይጠራ ነበር፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ከንጉሥ ቱታንካሙን ጋራ የተቀበረው ጩቤ በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲመረመር 11 በመቶ ያህል ኒኬል ተገኘበት። ይህን ያህል ኒኬል ያለው ጥንታዊ ብረት ከሰማይ የወደቀ ነው።

በእኛም አገር በ1942 አንኮበር ላይ፥ በ1981 ደግሞ በሐረርጌ ጉርሱም የሰማይ ድንጋይ ወድቋል። ሁለቱም ድንጋዮች ናቸው፤ ነገር ግን በውስጣቸው የብረት ፍንጣሪ ተበትኖባቸዋል። ሙሉ ብረት የሆነው የተገኘው በጎረቤታችን በሶማሊያ፥ ኤል አሊ በሚባል ስፍራ ነው። ክብደቱ 15 ቶን ያህል ሲሆን፥ እረኞች ከትውልድ ወደ ትውልድ ቢላዋቸውን ሲስሉበት ኖረዋል። የማዕድን አዋቂዎች ምንነቱን የለዩት በ2020 ነው። በ2022 ከእርሱ ከተቆረጠች 70 ግራም ቁራጭ ብቻ፥ በተፈጥሮ ታይተው የማያውቁ ሁለት ማዕድናት ተገኙ። ዋናው አካል ግን ለሽያጭ ወደ ቻይና መወሰዱ ተነግሯል።

እንግዲህ አንድ የሐዲያ ገበሬ ማረሻው እንዲህ ያለ ጥቁርና ከባድ ነገር ቢመታ፥ መጀመሪያ የሚያማክረው ቱማኖውን ነው። ብረትን በእጁ ሚዛን የሚያውቅ እርሱ ነውና። ክፋቱ ግን ፍሙ ቅርብ መሆኑ ነው። የሰማይ ብረት ተቆርጦ በአሲድ ሲታጠብ የተጠላለፉ መስመሮች ያወጣል፤ እነዚህም በሚሊዮን ዓመታት ቅዝቃዜ የተሠሩ ስለ ሆኑ ማንም እቶን አያስመስላቸውም፤ ብረቱ አብዝቶ ከጋለ ደግሞ ይጠፋሉ። ማግኔት ብቻውን አያስተማምንም፤ የብረት ዝቃጭንም ይስባልና። ስለዚህ ቀጥቃጩ ከማጋሉ በፊት በመጋዝ አንዲት ጥግ ቆርጦ፥ ኒኬሉ እንዲመረመር እዚያው ሆሳዕና ላለው ዋቻሞ ዩኒቨርሲቲ ቢያሳያት መልካም ነው።