ደወል ያለው ነጭ ቤት

ሎስ አንጀለስ ዘመድ ልትጠይቁ ከሄዳችሁ ልጆቹ ዲዝኒላንድ ማለታቸው አይቀርም። ውሰዷቸው። አንዱን ጠዋት ግን ለአርኬዲያ አስቀሩት። ከመሀል ከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። እዚያ 51 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን የዕፅዋት ማዕከል አለ። መንገዱን የሚዘጉባችሁ መኪኖች ሳይሆኑ ጣዎሶች ናቸው፤ ድምፃቸው ግን እንደ መልካቸው አይደለም፣ ልጆቹን አስቀድማችሁ አስጠንቅቋቸው።

እኔን እዚያ የወሰደችኝ አክስቴ ናት። አሜሪካ የገባችው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያኔ ቅዳሜ ማታ ከሥራ ስትመለስ የምታየው ድራማ «ፋንታሲ አይላንድ» ነበር፤ እንግሊዝኛዬን ያቃናሁት በእሱ ነው ትላለች። ሰዎች በትንሽ አውሮፕላን ወደ አንዲት ደሴት ይመጣሉ፣ ነጭ ሱፍ የለበሰው ሚስተር ሮርክ ይቀበላቸዋል፣ የተመኙት ይፈጸምላቸዋል። ተከታታዩ ከ1978 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ታይቷል። ከመሄዳችን በፊት በነበረው ምሽት በ1977 የወጣውን የመጀመሪያውን ፊልም አብረን አየን። እንግዶቹ ለምኞታቸው 50,000 ዶላር ይከፍላሉ። አንደኛው በጦርነቱ ዘመን ያፈቀራትን ሴት ዳግም ማግኘት ይፈልጋል። ሌላኛው አዳኝ ነው፣ እሱ ራሱ መታደን ያምረዋል። ሦስተኛዋ ሀብታም ነጋዴ ናት፤ ምኞቷ በራሷ ቀብር ላይ መገኘት ነው። ማን እንደሚያለቅስላት ማየት ትፈልጋለች።

አክስቴ እዚህ ላይ ሻዩን አስቀምጣ ዝም አለች።

አጭሩ ታቱ ማማው ላይ ወጥቶ ደወሉን እየደወለ አውሮፕላኑ መጣ የሚልበት ቤት ይኸው፣ ኩሬው ዳር ቆሟል። ነጭ ነው፣ ጠርዞቹ ቀይ። በመክፈቻው ላይ የምናየው ፏፏቴ ግን ያለው ሃዋይ፣ ካዋይ ደሴት ላይ ነው። የካሊፎርኒያን ቤት ከሃዋይ ውኃ ጋር አገጣጥመው አንድ ደሴት ሠሩ። የእኔ ሥራ ማርኬቲንግ ስለሆነ አልታዘብኳቸውም፤ እኛም ከነጋ እስኪመሽ የምንሠራው ይህንኑ ነው።

ቤቱን በ1880ዎቹ ያሠራው «ዕድለኛው» እየተባለ የሚጠራው ባለጸጋ ባልድዊን ነው። ለአራተኛ ሚስቱ ብሎ አስጀመረው፤ ትዳሩ ግን ብዙም አልቆየ። ቤቱ በኋላ ለሞተችው ለሦስተኛ ሚስቱ መታሰቢያ ሆነ። መልኳ በሩ ላይ በባለቀለም መስተዋት ተሠርቷል። እኛ ወደ ውስጥ አልገባንም፤ ግንባራችንን መስኮቱ ላይ ለጥፈን አየን።

«አንቺ ብትሆኚ ምን ትመኚ ነበር?» አልኳት። ቀልዴን ነበር።

«የእናቴን ቀብር» አለች።

አያቴ ያረፉት አክስቴ ከሄደች ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። መርዶው የደረሳት በአራተኛው ወር ነበር። «ሰው አገር ብቻዋን ምን ትሆናለች» ብላ ያዘገየችው እናቴ ናት። በቤታችን ይህ ነገር እንደ ደግነት ሲወራ ነው ያደግሁት። አክስቴ አራት ወር ሙሉ ለሞተች እናቷ ደብዳቤ ስትጽፍ እንደነበር ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ኩሬው ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ትጠይቀኝ ጀመር። ዝናብ ነበር? እነማን መጡ? ከገጠርስ ደረሱ? እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ልጆቹ ጣዎስ እያባረሩ ይስቃሉ።

(ለመሄድ ካሰባችሁ ውኃና ኮፍያ ያዙ፤ ከረፋዱ በኋላ ፀሐዩ ያቃጥላል።)

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ ደወልኩ። እዚያ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፣ እናቴ ከተነሳች ቆይታለች። «አክስቴ ስለ እማማ ቀብር ልትጠይቅሽ ነው» ብዬ ስልኩን ሰጠኋት። እናቴ ለአፍታ ድምፅዋ ጠፋ።

«ከየት ልጀምርልሽ?» ስትል ሰማኋት።

«ከጠዋቱ» አለች አክስቴ፤ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔ ልጆቹን ላስተኛ ወጣሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ ገና ግቢው በር ላይ ነበሩ።