ምስክር ወረቀት ምን አይቶ ይመሰክራል?

«ምስክር ወረቀት» የምንለው ነገር ስሙን ያገኘው ከምስክር ነው። ምስክርም ማለት ያየውንና የሰማውን የሚናገር ሰው ነው እንጂ ተናገር የተባለውን የሚደግም አይደለም። የጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርታችን ይህን ነገር በሚገባ ያውቀዋል። የድጓ ተማሪ ቀለሙን በየትኛውም ደብር ይቍጠር፥ በቤተልሔም በምስክሩ መምህር ፊት ቀርቦ ካላስመሰከረ የድጓ መምህር ነኝ ለማለት አፉን ሞልቶ አይናገርም። መምህሩም የሚመሰክርለት ዜማውን በጆሮው ሰምቶ ነው።

ይህን ያነሣሁት ግን ስለ ድጓ ለመጻፍ አይደለም፤ ስለ ቦርጭ ነው።

የታላቅ እኅቴ ልጅ፥ የሰውነትን ቅርጽ ያለ ቀዶ ጥገና እናስተካክላለን በሚል በአንድ የውበት ሳሎን ተቀጥራ ትሠራለች። ሥራውን ከመጀመሯ በፊት ሦስት ቀን ሠልጥናለች፤ የሥልጠናውን ዋጋ አሠሪዋ ከፍላላት ከደመወዟ በየወሩ ይቈረጥባታል። አንድ እሑድ ምስክር ወረቀቷን አምጥታ፥ «ጋሼ፥ እንግሊዝኛውን እስቲ እይልኝ» አለችኝ። ዳሩ በወርቅ ቀለም የተከበበ፥ ሁለት ማኅተምና ሦስት ፊርማ ያረፈበት ያማረ ወረቀት ነው። እኔ ደግሞ ሰነድ ሲገባና ሲወጣ እያየሁ የምውል የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ሆንሁ ማኅተም ብዙም አያስደነግጠኝም። ባነበው የሚለው፥ ስሟ ከላይ የተጠቀሰው በሥልጠናው ላይ ተገኝታለች ነው። ተገኝታለች! ሥራውን ትችላለች የሚል ቃል ከላይ እስከ ታች ብፈልግ አጣሁ። በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ግን «የተመሰከረላቸው ባለሙያዎች» የሚል ጽሕፈት በትልቁ ተሰቅሏል።

በሦስቱ ቀን ምን እንዳደረጉ ብጠይቃት፥ በመጀመሪያው ቀን የመሣሪያዎቹን ስምና ቍልፋቸውን ተማሩ፤ በሁለተኛው እርስ በርሳቸው ተለማመዱ፤ በሦስተኛው ከቀትር በኋላ ፎቶግራፍ ተነሡ። ተለማማጆቹም ሁሉም ጤነኞችና ወጣቶች፥ ይልቁንም ቦርጭ የሌላቸው ነበሩ።

ሥራው ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከመሣሪያዎቹ አንዱ ስብን በብርድ የሚገድል ነው። ስብ የያዘው ሕዋስ እንደ ቆዳ ብርድን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. ሁለት ሐኪሞች፥ የበረዶ ከረሜላ የጠባ ሕፃን በጉንጩ ውስጥ ያለው ስብ ተቈጥቶ መገኘቱን ጽፈው ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ዲተር ማንስታይንና ሮክስ አንደርሰን የተባሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንኑ የብርድ ጠባይ መርምረው በ2008 አሳተሙ፤ በ2010ም የዚያው አገር የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መሣሪያው በጎን ስብ ላይ እንዲሠራ ፈቀደ። መሣሪያው ሥጋውን በመምጠጫ ስቦ ይዞ እስከ አንድ ሰዓት ያህል ያቀዘቅዘዋል፤ የሞተውንም ስብ ሰውነት ራሱ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። በመሣሪያውና በቆዳው መካከል በፈሳሽ የተነከረ ስስ ጨርቅ ይነጠፋል። ይህ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተቀመጠ፥ ወይም ለቍጠባ ተብሎ አንዱ ለሁለት ሰው ከተሠራበት፥ ቆዳው በብርድ ሊቃጠል ይችላል።

ደግሞም በ2014፥ የቀዘቀዘው ስብ በመጥፋት ፈንታ አድጎና ደንድኖ የሚቀርባቸው ጥቂት ሰዎች መኖራቸው በሕክምና መጽሔት ተገለጠ። ስመ ጥሯ የልብስ ሞዴል ሊንዳ ኢቫንጀሊስታ በ2021 ይኸው እንደ ደረሰባት ለዓለም ተናግራለች። ይህ ጕዳት ሥራው በሚገባ ቢሠራም እንኳ ሊደርስ ስለሚችል ሠራተኛዋ ልትከለክለው አትችልም፤ የምትችለው አስቀድማ መንገር ብቻ ነው። ገንዘቡን ይዞ የመጣውን ሰው እንዲህ ያለ ነገር ነግሮ ማስፈራራት ደግሞ ለነጋዴ አይጥምም።

ከመንገርም የሚከብድ አለ፤ እርሱም መመለስ ነው። ብርድ ሲነካው ደሙ የሚታወክ ሕመምተኛ አለ። ለልቡ ማገዣ የኤሌክትሪክ መሣሪያ በደረቱ የተቀበረለት ሰው ስብ የሚያሞቀው የራዲዮ ሞገድ ሊያገኘው አይገባም። ነፍሰ ጡርም እንደዚሁ ናት። እንግዲህ የዚህ ሙያ ዋና ዕውቀት ቍልፉን መጫን ሳይሆን፥ ቍልፉ የማይጫንበትን ሰው ለይቶ «ይቅርብዎ» ማለት መሆኑ ነው። የሦስቱ ቀን ሥልጠና ግን ይህን ሳይነካው አልፏል።

የእኅቴ ልጅ ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ወር አንዲት እናት መጣች። በቀዶ ጥገና ከወለደች ሰባት ወር ሆኗታል፤ የወንድሟ ሠርግ ስለ ደረሰ የስድስት ጊዜውን ዋጋ አስቀድማ ከፍላለች። ልጅቷ ሆዷን ስታይ ከእምብርቷ አጠገብ አንድ ነገር አላምር አላት። «እትዬ፥ እስቲ አንድ ጊዜ ያስሉልኝ» አለቻት። ሴትዮዋ ስታስል እብጠቱ ብቅ አለ፤ ስትተኛ ተመለሰ። ሐኪሞች ሄርኒያ የሚሉት፥ አንጀት በላላው የሆድ ግድግዳ በኩል ገፍቶ የሚወጣበት ሕመም ነው። በዚያ ላይ መምጠጫ ማሳረፍ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለማሰብ ሐኪም መሆን አያሻም። ልጅቷ ይህን ያወቀችው ከሥልጠናው አይደለም፤ እናቷ በዚሁ ሕመም ሁለት ዓመት ተሠቃይታ በቀዶ ጥገና ስለ ዳነች ነው።

«ሐኪም ሳያየው እኔ አልነካውም» አለች። ደንበኛይቱ አላመሰገነቻትም፤ ተቈጥታ ገንዘቧን ተቀብላ ሄደች። አሠሪዋ ደግሞ፥ «ምስክር ወረቀት ያወጣሁልሽ ለመሥራት ነው ወይስ ሰው ለመመለስ?» አለቻት። አሠሪዋ ክፉ ሰው ናት ለማለት አልደፍርም፤ መሣሪያውን በብድር የገዛች፥ የቤት ኪራይም የሚያስጨንቃት ሴት ናት። ነገር ግን ሠልጣኟን ላስተማረ ድርጅት የከፈለችው እርስዋ፥ ምስክር ወረቀቱን የሰጠው ያው የተከፈለው ድርጅት ከሆነ፥ ለደንበኛይቱ የሚመሰክርላት ማን ነው?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2013 በሰር ብሩስ ኪዮ መሪነት የቀረበው የመንግሥት ጥናት፥ ያለ ቀዶ ጥገና የውበት ሥራ የሚሠራለት ሰው እስክርቢቶ ከሚገዛ ሰው የተሻለ ጥበቃ እንደሌለው ገልጦ ነበር፤ ለሠሪዎቹ ፈቃድ የሚሰጥበትን ደንብ ለማውጣት የሚያስችለው ሕግ የወጣው ግን በ2022 ነው።

በእኛ አገር በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ዘንድ አሠልጣኙ ሌላ፥ መዛኙ ሌላ የሚሆንበት ማለፊያ ሥርዓት አለ፤ ሠልጣኙ በጽሑፍም በተግባርም ይፈተናል። እኔ ለዚህ ሙያ የምመኘው ፈተና አንድ ነገር እንዲጨመርበት ነው። ለተፈታኟ ከሚቀርቡት ደንበኞች አንዷ መመለስ የሚገባት ትሁን፤ ተፈታኟም ሳይነገራት ለይታ ካልመለሰቻት፥ እጇ ምንም ያህል ቢቀና ትውደቅ።

እስከዚያው ድረስ፥ ደንበኛ ሁሉ ከመተኛቱ በፊት የሚመልሳቸውን አሥራ አንድ ጥያቄዎች ከእኅቴ ልጅ ጋር ሁለት ምሽት ተቀምጠን በአማርኛ ጻፍን። ብዙ ያከራከረን የእርግዝናው ጥያቄ ነበር፤ እኔ በቀጥታ ይጠየቅ ስል፥ እርስዋ «በሰው ፊት እንዲህ ከተጠየቀች እውነቱን አትናገርም፤ የወር አበባዋ መቼ እንደ ነበር ይጠየቅ» ብላ ረታችኝ። አሥራ አንደኛው ጥያቄ አይባልም፤ «እባክዎ አንድ ጊዜ ያስሉ» የሚል ነው።

አሠሪዋ ወረቀቱን ተቀብላ በመሳቢያ ከተተችው፤ ደንበኛ ያሸሻል አለች። ልጅቷ አሥራ አንዱንም በቃሏ አጥንታ፥ አልጋውን እያነጠፈች እንደ ዋዛ ትጠይቃለች። የሥልጠናው ዕዳ ተቈርጦ ሊያልቅ አራት ወር ቀርቶታል።