ወደ ኢፍ ደሴት

እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ ያለ ጉባኤ፣ ያለ ሠርግና ያለ ለቅሶ ለብቻችን የወጣንባቸው ቀናት በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ስለዚህ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ከተማ ሳለን አንድ ቀን ነጻ ሲሆንልን ከአሮጌው ወደብ ጀልባ ተሳፈርን። ኢፍ ደሴት ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ነፋስ ሲበረታ ጀልባው እዚያ አያወርድም፤ የዚያን ዕለት ግን ባሕሩ ጸጥ ብሎ ነበር። (ባለቤቴ እንዲያም ሆኖ የመቀመጫውን ብረት አልለቀቀም።)

ምሽጉን ያሠራው ንጉሥ ፍራንሷ 1ኛ ሲሆን ሥራው ያለቀው በ1531 እ.ኤ.አ. ነው። ወደቡን እንዲጠብቅ ቢሠራም ለብዙ ዘመን ያገለገለው በእስር ቤትነት ነው። አብዛኛው ጎብኚ የሚመጣው አሌክሳንደር ዱማ በልብ ወለዱ እዚህ ያሳሰረውን የኤድሞን ዳንቴስን ክፍል ለማየት ነው። በምድር ላይ ኖሮ ለማያውቅ ሰው ይህን ያህል ሕዝብ ሲጋፋ ገረመኝ።

እኛን ያቆመን ግን የእውነተኞቹ እስረኞች ነገር ነው። በ1685 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ሉዊ 14ኛ፣ አያቱ በ1598 ለፕሮቴስታንቶች የአምልኮ ፈቃድ የሰጠበትን የናንት አዋጅ ሻረ። ከዚያ በኋላ ብዙ ፕሮቴስታንቶች እዚህ ታጎሩ፤ ሌሎች ደግሞ በንጉሡ መርከቦች ላይ በሰንሰለት ታስረው ቀዘፉ። እምነቱን ለሚክድ የመፈታት ተስፋ ነበረው። በምሽጉ ውስጥ ገንዘብ ያለው እስረኛ ከላይ መስኮትና ምድጃ ያለው ክፍል ያገኛል፤ ድሃው ከታች በጨለማ ይታጨቃል።

ከታችኛው ክፍል ቆመን ሳለ ባለቤቴ ቀስ ብሎ፣ «እኔ እዚህ ታስሬ፣ አንቺ ልጆቹን ይዘሽ ልትጠይቂኝ ብትመጪ ምን ትዪኝ ነበር?» አለኝ።

«ጽና» የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር። እህቶችን የማስተምረውም እሱን ነው። ግን ትንሿ ልጃችን ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ።

«ፈርምና ወደ ቤት ና፣ እል ነበር» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ።

ይገሥጸኛል ብዬ ጠበቅሁ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለና፣ «እኔም የምፈራው እሱን እንዳትዪኝ ነው፤ ካልሽኝ እፈርማለሁ» አለ።

ከተጋባን እንዲህ ተነጋግረን አናውቅም። በመልስ ጉዞም ወሬው አላለቀም፤ ሰዉ ሁሉ ወርዶ የጀልባው ሠራተኛ መጥቶ «ደርሳችኋል» እስኪለን ድረስ ተቀምጠን ነበር።