ያልደረሰ ተራ፦ በልጆች ሶፍትቦል ሜዳ ላይ ጊዜ የሚባክነው የት ነው?

በቨርጂኒያ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም በማይርቅ አንድ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ፣ በአንድ የሚያዝያ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የአሥር ዓመት ልጃገረዶች ሶፍትቦል ይጫወታሉ። ከሽቦ አጥሩ ውጪ ከተደረደሩት ታጣፊ ወንበሮች በአንዱ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ አባት ተቀምጧል። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ አድሮ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር የመጣ ነው፤ ከቀትር በኋላም ወደ ሥራው ይመለሳል። ልጁ ኳስ እምብዛም በማይደርስበት በሜዳው ቀኝ ጥግ ቆማ ሣሩን በጫማዋ ጫፍ ስትቆረቁር ቆይታለች። በመቺዎች ዝርዝር ላይ ስሟ የሰፈረው በመጨረሻ ነው። በሁለተኛው ዙር አንድ ጊዜ ዱላ ይዛ ቆማ ነበር። ሁለተኛው ተራዋ ሊደርስ ከፊቷ አንዲት ልጅ ብቻ ስትቀር፣ እርሷም የራስ መከላከያዋን አጥልቃ ስትጠባበቅ፣ ዳኛው ሰዓቱን ተመልክቶ ለጨዋታው የተመደበው 75 ደቂቃ መሙላቱን አስታወቀ።

መኪናው ውስጥ ሲገቡ «አባዬ፣ ቀጥሎ እኮ እኔ ነበርኩ» አለችው። እርሱም «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ የሚመጣው ቅዳሜ ትመቻለሽ» ብሎ አጽናናት። ይሁንና ዳኛው እጁን ሲያነሣ በልቡ «ተመስገን» ብሎ ነበርና መልሱ ለራሱም አልጣመውም። ጨዋታው ቶሎ እንዲያልቅ ከተመኙት ወላጆች መካከል አንዱ እርሱ ነበር። የተመኘው ሲደርስ ግን ዋጋውን የከፈለችው ልጁ ሆነች።

የልጆች ሶፍትቦል ይፍጠን የሚለው ጥያቄ በአሜሪካ ሜዳዎች ዳር የተለመደ ነው። ጥያቄው ግን ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው ጨዋታው እንዲያጥር መፈለግ ነው፤ ሁለተኛው በጨዋታው ውስጥ ያለው ባዶ ጊዜ እንዲቀንስ መፈለግ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ ውጤታቸው ግን ለየቅል ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት ጨዋታው በምን እንደሚለካ ማየት ያስፈልጋል። ሶፍትቦል እ.ኤ.አ. በ1887 በቺካጎ ከተማ፣ ቤዝቦልን በቤት ውስጥ ለመጫወት ከተደረገ ሙከራ የተወለደ ነው። ወርዋሪዋ ኳሱን ከወገቧ በታች ትወረውራለች፤ መቺዋም በዱላ መትታ ቤዞቹን በየተራ ረግጣ ወደ መነሻዋ ስትመለስ ለቡድኗ አንድ ነጥብ ታስገኛለች። የሚመታው ቡድን ሦስት ተጫዋቾች ሲወጡበት ሁለቱ ቡድኖች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ከመቱ በኋላ አንድ ዙር ይሞላል። መደበኛው ጨዋታ ሰባት ዙር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የሶፍትቦል ውድድር የጀመረው ሊትል ሊግ ደግሞ ለታናናሾቹ ክፍሎች ስድስት ዙር መድቧል። በዚህ ስሌት ውስጥ ሰዓት ቦታ የለውም። እግር ኳስ በደቂቃ ይለካል፤ ሶፍትቦል በተራ። ሦስት ተጫዋቾቹ እስኪወጡበት ድረስ የትኛውም ቡድን የመምታት ዕድሉን አይነጠቅም።

ሰዓቱ የገባው ከጨዋታው ውጪ ባለ ምክንያት ነው። አንድ ሜዳ በአንድ ቅዳሜ ብዙ ቡድኖችን ያስተናግዳል፤ መብራት የሌለው ሜዳ ጀንበር ስትጠልቅ ይዘጋል፤ ወላጅም ሥራና ሌሎች ልጆች አሉት። ስለዚህ በብዙ የታዳጊ ውድድሮች የጊዜ ገደብ ይጣላል። አንዳንዱ ገደብ ሰዓቱ ከሞላ በኋላ አዲስ ዙር እንዳይጀመር ብቻ ይከለክላል፤ ሌላው ደግሞ ጨዋታውን ባለበት ያቆመዋል። ምክንያቱ ቅን መሆኑ አያከራክርም። ችግሩ ገደቡ የአዋቂዎችን ጠባይ መለወጡ ነው።

እግር ኳስ የሚወድ ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል። ሰዓት ባለበት ጨዋታ መሪው ቡድን ሰዓት ይገድላል። በሶፍትቦልም ሜዳ ነጥቡ የሚበቃው አሠልጣኝ ጨዋታ አስቁሞ ከወርዋሪዋ ጋር ረዘም ያለ ምክክር ያደርጋል፤ መቺዋ የጫማዋን ማሰሪያ ደግማ እንድታስር ይመክራል። በተቃራኒው ሌላ ዙር ከገደቡ በፊት እንዲጀመር የሚፈልግ አሠልጣኝ የራሱን ሯጭ ሆን ብላ እንድትወጣ ሊያዛት ይችላል። በዚህ ጨዋታ ኳሱ ከወርዋሪዋ እጅ ሳይለቅ ቤዙን የተወች ሯጭ ትወጣለችና፣ ትእዛዙን ለመፈጸም አንድ እርምጃ ቀድሞ መነሣት ይበቃል። የአሥር ዓመት ልጅ በደንብ ለመሮጥ ስትለማመድ ከርማ በጨዋታው ቀን እንድትሳሳት ስትታዘዝ የምትማረው ትምህርት ምን ዓይነት ነው?

ያ አባት በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንበሩን ወደ አጥሩ ጠጋ አድርጎ ተቀመጠ፤ ልጆቹ ኳስ ሳይጠብቁ የሚቆሙበትን ጊዜም መከታተል ጀመረ። ያስተዋለው ሁሉ ቀላል ነገር ነበር። ቦታ ሲለዋወጡ ቀላቢዋ የእግር መከላከያዋን፣ የደረት መከላከያዋንና የፊት ጭንብሏን ብቻዋን ስትታጠቅ ሁሉም ይጠብቃታል። የምትመታው ልጅ ተራዋ መሆኑን ሳታውቅ ዱላና የራስ መከላከያ ፍለጋ ትሄዳለች። ኳሱ ከአጥር ውጪ ሲወጣ እስኪመለስ ድረስ ሌላ ኳስ አይቀርብም። አሠልጣኙ ማን የት እንደምትቆም የሚያስበው ልጆቹ ወደ ሜዳ ከገቡ በኋላ ነው። ከእነዚህ አንዱም የልጆቹ ስንፍና አይደለም፤ አብዛኛው አዋቂዎች አስቀድመው ሊያዘጋጁት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ ቀላል ቢመስልም ስሌቱ ከባድ ነው። አምስት ዙር ባለው ጨዋታ ዘጠኝ የቦታ ልውውጦች አሉ። እያንዳንዱ ልውውጥ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ 27 ደቂቃ ያልፋል፤ ይህም ከ75 ደቂቃ ውስጥ ከሲሶ በላይ ነው። ልውውጡ ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢወርድ 13 ደቂቃ ተኩል ይተርፋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በርካታ ልጆች ዱላ ይዘው ሊቆሙ ይችላሉ።

የአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ ያደረገው ለውጥ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሊጉ እ.ኤ.አ. በ2023 ወርዋሪው ቤዞቹ ባዶ ሲሆኑ በ15 ሰከንድ፣ ሯጭ ሲኖር ደግሞ በ20 ሰከንድ ውስጥ ውርወራውን እንዲጀምር ደነገገ። ባለፈው ዓመት በአማካይ 3 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ይወስድ የነበረው የዘጠኝ ዙር ጨዋታ ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ወረደ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከዘጠኙ ዙሮች አንድም አልተቀነሰም፤ የተቀነሰው በሁለት ውርወራዎች መካከል ያለው ዝምታ ነው። በልጆች ሜዳ የሚጣለው ገደብ የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ ዝምታውን እንዳለ ትቶ ዙሮቹን ይቆርጣል።

በሶፍትቦል ሕጎች ውስጥ ዝምታውን የሚቀንሱ ድንጋጌዎች ቀድሞም አሉ። የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕግ በዙሮች መካከል ለማሟሟቂያ ከአንድ ደቂቃና ከአምስት ውርወራዎች በላይ አይፈቅድም፤ ወርዋሪዋ ኳሱን ከተቀበለች በኋላ በ20 ሰከንድ ውስጥ እንድትወረውር፣ መቺዋም በ10 ሰከንድ ውስጥ ቦታዋን እንድትይዝ ያዛል። ወርዋሪዋ ወይም ቀላቢዋ ቤዝ ላይ ስትደርስ ምትክ ሯጭ እንድትገባላትም ይፈቅዳል፤ ቀላቢዋ በዚያ ጊዜ ትጥቋን ለብሳ ትጠብቃለች። በሊትል ሊግ የማይነር ክፍል ደግሞ አንድ ቡድን በአንድ ተራ አምስት ነጥብ ካስቆጠረ ልውውጥ ይደረጋል፤ ደካማው ቡድን ሜዳ ላይ ቆሞ እንዳይቀር ያግዛል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን በሕግ ብቻ የማይፈታው ነው። ከ10 ሜትር በላይ ርቀት ላይ ቆማ፣ ክንዷን እንደ መንኮራኩር አዙራ ኳሱን ወደ ዒላማው መላክ ለአሥር ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም። አራት ውርወራ ከዒላማ ውጪ ሲሄድ መቺዋ በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ ትሄዳለች፤ ይህ በተከታታይ ሲደጋገም ሌሎቹ ቆመው ይመለከታሉ። አንዳንድ የታናናሾች ሊጎች በዚህ ጊዜ አሠልጣኙ ራሱ ገብቶ እንዲወረውር ያደርጋሉ፤ መቺዋ የምትመታው ኳስ ታገኛለች፣ ሜዳ ላይ ያሉትም ይንቀሳቀሳሉ። ወርዋሪዋ መማር የምትችለው በመወርወር ነው የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን እርሷ አራቱን ውርወራዎች ወርውራለች፤ የቀረውን በልምምድ ቀን ማሟላት ይቻላል።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጨዋታውን ማፍጠን ልጅን ማጣደፍ ማለት አይደለም። ሰከንድ እየተቆጠረባት የምትወረውር ጀማሪ እጇ ይንቀጠቀጣል። ጥብቅ ቁጥጥሩ መጀመር ያለበት ከአሠልጣኙ ምክክር፣ ከዝግጅቱና ከልውውጡ ነው፤ የሰከንዱ ሕግ ለትላልቆቹ ቢቆይ ጉዳት የለውም።

በሦስተኛው ቅዳሜ ያ አባት ወንበሩን ከመኪናው አላወረደም። አሠልጣኙን አስፈቅዶ ተጠባባቂዎቹ ከሚቀመጡበት አግዳሚ አጠገብ ቆመ። የመቺዎቹን ተራ በትልልቅ ፊደል የጻፈበትን ወረቀት አጥሩ ላይ ሰቀለ፤ ቀጣዮቹ ሦስት ልጆች የራስ መከላከያቸውን አጥልቀው እንዲቀመጡ አደረገ። ሌላ እናት ትርፍ ኳሶቹን ያዘች። ቀላቢዋ ከሩጫ ስትመለስ እርሱ ተንበርክኮ የእግር መከላከያዋን ማሰሪያ አጠበቀላት።

ልጁ በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ተራዋ ደረሳት። በሁለተኛው ሦስት ጊዜ ዱላዋን ሰንዝራ ሦስቱንም ሳተች፤ ወጣች። ወደ አግዳሚው ስትመለስ የራስ መከላከያዋን አውልቃ ለቀጣይዋ ልጅ አቀበለችና ወረቀቱ ላይ ስሟን በጣቷ ፈለገች። ከዚያም ወደ አባቷ ዞር ብላ «ከእኔ በፊት ስንት ቀሩ?» ስትል ጠየቀችው።